ካውያው ውጭ አገር የሄደ ጊዜ

መንግሥት ታላቅ ወንድሜን ለስልጠና ወደ አንዱ ሶሻሊስት አገር ሲልከው፣ ሻንጣው ውስጥ መጀመሪያ የገባው የኤሌክትሪክ ካውያችን ነበር። ሸሚዞቹ እንኳ ገና አልገቡም።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ሆቴል ሆኖ ካውያ የሌለው አለ?» አልኩት።

«ባይኖረውስ? በተጨማደደ ኮሌታ ስብሰባ ልግባ? ከቢሮ ሄደው የመጡት ሁሉ ይዘህ ሂድ ብለውኛል።»

«ያንተ ኮሌታ ነው አብዮቱን የሚያፈርሰው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» አለና ካውያውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ከጫማዎቹ ሥር ሸጎጠው።

በጣም ከፋኝ። ለካውያው ግን አልነበረም።

ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን የኤሌክትሪክ ካውያ የነበረን እኛ ብቻ ነን። ሌላው የሚተኩሰው በከሰል ነው፤ ፍንጣሪው ነጭ ልብስ ላይ ካረፈ ጉድ ይሠራል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደኔ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። አንዷ ስትተኩስ ሌሎቹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ያኔ ነው ወሬው። ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ ጋዋኗን እየተኮሰች ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ታስመስላቸዋለች፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን። ሰዓት እላፊው ሲቃረብ እየተሯሯጡ ይበተናሉ።

ካውያውን ወስጄ ቤቴ ልተኩስ የሚል ከመጣ እከለክላለሁ። «ገመዱ ይበጠሳል» እላለሁ። የምን ገመድ! ካውያው ከወጣ ሰው አይገባማ። እናትና አባቴ ካለፉ ወዲህ ባልም ልጅም የለኝ፤ የወንድሜ ኑሮ ደግሞ ቢሮና ስብሰባ ነው። የኔ ቤተሰብ ያ ወረፋ ነበር።

ወንድሜ በሄደ ማግስት ነርሷ ጋዋኗን ይዛ መጣች። ካውያው ውጭ አገር ሄደ ስላት ሳቋ አልቆም አላት። «ኧረ ጉድ! እኛ ከጉለሌ አልወጣን፣ ካውያው ባሕር ተሻገረ?» አብሬያት ሳቅሁ። ግቢ ብላት፣ «የነገ ልብሴ ነው፣ ሌላ ቤት ልሞክር» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ለሥራዋ የኤሌክትሪክ ካውያ ገዝታ ነበርና ሁሉም ወደሷ ዞረ። ብቻዬን ተቀምጬ የነርሷን ድምፅ በቆርቆሮው አጥር በኩል እሰማለሁ። ማንን እያስመሰለች እንደሆነ ቃሉ አይለይም፤ ሳቁ ብቻ ነው የሚመጣው። እራቴ ፊት ለፊቴ ይቀዘቅዛል። ለምን አልሄድሽም ብትሉኝ፣ ኩራት ነው። ባለካውያ የነበርኩ ሴትዮ ሰው ቤት ወረፋ ልይዝ?

ወንድሜ ተመለሰ። ሻንጣውን ስፈታ ካውያው ከጫማዎቹ ሥር፣ በዚያው ፎጣ እንደተጠቀለለ ወጣ። ሲባጎው እንኳ አልተፈታም።

«አልተኮስክበትም?»

«እ... በየፎቁ ካውያ አለ። ለእንግዳ ሁሉ በነጻ ነው» አለ ዓይኔን ሳያይ።

በዚያው ካውያ ልፈነክተው ምንም አልቀረኝ። ግን ብነግረውስ ምን ይገባዋል? ሰው ናፈቀኝ ብለው፣ «ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ አይደል እንዴ?» ነው የሚለኝ።

በማግስቱ ነርሷን በር ላይ ጠብቄ ካውያው መጣ አልኳት።

«እሰይ፣ እንኳን ለአገሩ አበቃው!» አለችና ሳትቆም አለፈች። ጋዋኗ ክንዷ ላይ ነበር።

ቢሆንም ብርድ ልብሱን አነጠፍኩ፣ ካውያውን ሰካሁ፣ ጠበቅሁ። የሥራ ቀሚሴን ተኮስኩ። የወንድሜን ሸሚዞች ተኮስኩ። የትራስ ልብስ ሳይቀር ተኩሼ ጨርቅ አለቀብኝ። የበሩ መጋረጃ ወዝወዝ ባለ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ነፋስ ነው። ያኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ካውያውን ነቀልኩት። አሁን የተኮስኩትን ቀሚስ አንስቼ በሁለት እጄ ጨማደድኩት፣ ቁጭም አልኩበት። ከዚያ አጥሩን ዞሬ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባሁ።

ሁሉም ቀና አሉ።

«ካውያዬ ተቃጠለ» አልኩ።

«ውጭ አገር ደርሶ መጥቶ?» አለች ነርሷ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊዋ ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተራዬ ሲደርስ፣ ከኔ ቀጥላ ለተቀመጠችው «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ አልቸኩልም» አልኳት።