የግቢያችን ስንጥቅና የባለቤቴ ምርኩዝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮንክሪት መጠገን የሚችሉ ሰዎችን ቁጠር ቢሉኝ ከራሴ እጀምራለሁ፤ ሁለተኛውን ገና አላገኘሁም። ማንም አላስተማረኝም። ግንበኞች ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ፣ ያበላሹትን እያፈረስኩ ነው የተማርኩት።

ባለፈው ጥር ግን የገዛ ግቢዬ አሳፈረኝ። ሥሩ ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ከውጭው በር እስከ ቤት ያለው የመኪና መግቢያ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አንድ ጠዋት የምርኩዟ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ተሰነቀረ። በሩን ይዛ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ከበረንዳው አልወረደችም። አስተርዮ ማርያምን አንድም ዓመት ሳትስም ያላለፈች ሴት "ዘንድሮ ይቅርብኝ" አለች።

"ትሄጃለሽ፤ በእግርሽ" አልኳት።

ልጃችን ባለሙያ ልጥራ ብትል "ባለሙያው ፊትሽ ቆሟል" አልኳት። ስንጥቁ እንደ ዛፍ ሥር የተበተነበትን ቦታ በሙሉ በመሮ አፈረስኩ፣ አጠብኩ፣ አዲስ ኮንክሪት ሞላሁበት። ላዩን በግንበኛ ማንካ እየዳበስኩ ሊሾ አደረግኩት። ሰማይ ይታይበት ነበር፤ አላጋነንኩም።

ባለቤቴ ከበረንዳው አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጢምህን ልትላጭበት ነው?"

"እንዲህ ያለ ሊሾ የት አይተሻል?"

"የትም። ጠዋት አመዳይ ሲያርፍበት ግን ምርኩዜ የት ይቆማል?"

ለእሷ እግር ብዬ የጀመርኩትን ለጎረቤት ዓይን ጨርሼው ነበር። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የግቢ መጥረጊያ አመጣሁ። እጄ እሺ አላለኝም። እንደምንም ያን የመሰለ ሊሾ ከዳር እስከ ዳር ጫርኩት።

ውርጭ እንዳይመታው ጭድ ነስንሼ በአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ሲጠነክር፣ አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ውኃ እንዳይሰርግ ሬንጅ አፈሰስኩበት።

የበዓሉ ጠዋት ጎረቤታችን ልትወስዳት መጣች።

"ምነው ጋሼ፣ ይሄን ሻካራ አደረጉት?"

አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "እንዳያንሸራትተኝ ብሎ፣ የእሱ ብልሃት ነው።"

አላስተባበልኩም። ክንዷን ልይዝ ብጠጋ "ተወኝ" አለችኝ። አመዳዩ ገና አልቀለጠም። ምርኩዟን ተከለች፣ ተራመደች፣ ደግማ ተከለች። በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።