የግራ እጄ ምስክር

ግራ እጄ ከክርኔ በላይ ተቆርጦ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ። «ተመስገን በይ፣ እንኳን ቀኝሽ አልሆነ!» ጎረቤቱ ይላል፤ የንስሐ አባቴ ይላሉ፤ መናኸሪያ በር ላይ ሎተሪ የሚሸጠው ልጅ እንኳ ሳይቀር ይላል። እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ምን ልበል? ግራኝ መሆኔን ከእናቴና ከቤት አከራዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለማስረዳት ደግሞ አቅሙም አልነበረኝ።

ያደግሁት እብናት ገጠር ነው። እኛ ዘንድ በግራ እጅ ለሰው ዕቃ ማቀበል ስድብ ነው፤ በግራ መጉረስማ አይነሣ። ጡት ጥዬ መብላት ስጀምር ግራዬ ወደ ገበታው ሲቀድም እናቴ አየችና ደነገጠች። ሰው ሳያይብኝ ልታስተወኝ ቆረጠች። ምግብ በቀረበ ቁጥር ከአሮጌ ነጠላዋ በቀደደችው ጨርቅ ግራ እጄን ከጎኔ ጋር ታስረዋለች። ስትቋጥረው ሁልጊዜ «ጠበቀብሽ?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ትንሽ ታላላዋለች እንጂ አትፈታውም። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን «ይቺ ልጅ ግራኝ ናት እንዴ?» ብትላት፣ እናቴ «አፈር ብይ! ልጄ ምን ጎድሏት!» ብላ ተነሣችባት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እሳት ሳይጫጫሩ ኖሩ።

ለመድኩ። ቀኝ እጄ ይበላል፣ ያማትባል፣ ሰላም ይላል፣ ዕቃ ያቀብላል። ሥራ ላይ ግን ድንዝ ነው። መርፌ ስይዝ፣ ቢላ ስይዝ፣ ብቻዬን ስሆን ግራዬ ነው የሚመጣልኝ። ቀኜ ለሰው ፊት፣ ግራዬ ለእንጀራዬ ሆኑና እንዲሁ ተስማምተው ኖሩ።

ዓረብ አገር ጥቂት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ደብረ ታቦር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የእጅ ጥልፍ ያዝኩ። የሐበሻ ቀሚስ ደረትና እጅጌ እጠልፋለሁ፤ ሥራውን የሚያመጡልኝም የሚወስዱልኝም ባለ ሱቆች ናቸው። ልብሱን የሚገዙት ሰዎች ጥልፉን እንጂ እጄን አያዩም። በሬን ዘግቼ በግራዬ ስጠልፍ እውላለሁ። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

አደጋው የደረሰብኝ ከአንበሳሜ ገበያ ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነበር። ጥምዝ ላይ አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ለቆ መጣና ጎናችንን ላጠው። ባሕር ዳር ወስደው እጄን ሲቆርጡት አልሰማሁም። ሌላው ሁሉ ሰው ቁስል ብቻ ይዞ ተረፈ፤ እሰይ፣ ይትረፍ።

ከዚያ የካሣው ነገር መጣ። ኧረ ስንቱን ልንገራችሁ! የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ የቀበሌ ማስረጃ። ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ። አንድ ቀን ዳኛው ታመዋል፣ አንድ ቀን መብራት የለም፣ አንድ ቀን መዝገቡ አልወጣም፣ አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ተዘግቶ የጭነት መኪናው መድን ድርጅት ጠበቃ አልመጣም። ፍርድ ቤቱ ግቢ ያለችውን የድንጋይ መቀመጫ ከቤቴ ወንበር ይልቅ ለመድኳት። ጉዳቴን በመቶኛ የሚተምኑት የቦርድ ሐኪሞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ደክሟቸዋል። አንዱ ጉማጁን ነካ ነካ አደረገና «ግራ ነው፣ ረዳት እጅ ነው» ብሎ ለጸሐፊው ነገረው። በየትኛው እጄ እንደምሠራ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

የመድኑ ጠበቃ ያንኑ ይዞ ቀረበ። «ከሳሿ መርፌ የምትይዝበት ቀኝ እጇ ደህና ነው። ግራው ጨርቅ መያዣ ነው። ጨርቅ ደግሞ በክብ እንጨትም ይወጠራል» አለ። ሰውዬው በዕድሜው አንድ ቁልፍ ተክሎ ያውቅ እንደሁ እንጃ! እኔ እኮ በቀኜ ሞክሬዋለሁ። ጨርቁን ወጥሬ፣ መርፌው ላይ ጎረቤት ክር አስገብታልኝ፣ ጠዋት የጀመርኩት የጥልፍ ቅጠል ምሳ ሳይደርስ ጨርቁን ያበላሸዋል። ጣቶቼን በመርፌ ወጋሁ ስል ሰው ይስቃል። በየቱ እጅሽ ነው የወጋሽው ይለኛላ።

ኑሮዬ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጠፋው የሥራ እጄ መሆኑን ካመነ፣ ካሣው አንድ ክፍል ሱቅ ይከፍትልኛል፤ ክርና ጨርቅ እየሸጥኩ፣ ሁለት ልጆች ጥልፍ እያሠራሁ ከተማ እኖራለሁ። ረዳት እጅ ነው ከተባለ ግን ለሕክምና የተበደርኩትን ከፍዬ እናቴ ቤት መግባት ነው። ዓረብ አገር ድረስ የሄድኩት ከዚያ ቤት ልወጣ ነበር።

መጀመሪያ አከራዬን አስመሰከርኩ። ደግ ሴት ናቸው። «በግራዋ ስትጠልፍ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ጠበቃው ተነሣ። «አብራችሁ ትበላላችሁ?» «አዎ፣ በዓል በዓል።» «በየትኛው እጇ ትበላለች?» «በቀኟ።» «ስታማትብስ?» «በቀኟ ነው እንጂ! ክርስቲያን አይደለች?» «ሰላም ስትል?» አከራዬ እኔን አዩኝ። «በቀኟ» አሉ ቀስ ብለው። ዳኛው ጽፈው ጨረሱና ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ካለ ይቅረብ አሉ።

እናቴን ላመጣት እብናት ወረድኩ። ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ዳኛ ፊት ቆሜ ልጄ ግራኝ ናት ልበል?»

«በይ።»

«ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ?»

«እማዬ፣ እጁ እኮ የለም። ማንን ነው የምትደብቂው?»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች። የቆመልኝ ጠበቃ ለድሃ በነፃ የሚሟገት ወጣት ነው፣ ከሌላ ክልል የመጣ፤ ከመግባታችን በፊት በትሕትና አስረዳት። «እማማ፣ ሁለት ነገር ብቻ ይበሉ። ግራኝ ናት፤ በቀኟ ሥራ አትችልም።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የገባት መስሎኝ ነበር።

ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች። የእኛ ጠበቃ ጠየቃት፤ እሷም ዓይኗን መሬት ተክላ ሁሉንም ተናገረች። ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው አለች። ሰው እንዳይስቅባት፣ ባል እንዳታጣ ብዬ አሰርኳት አለች። የምታስርበትን ጨርቅ ሳይቀር ተናገረች፤ ታለቅስ ነበር፣ «አዝኜ ነው የማስራት» እያለች። እኔም ከተቆረጥኩ ጀምሮ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ጸሐፊዋ እንኳ መጻፏን ትታ አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይኼ ነገር ሊሆን ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

የመድኑ ጠበቃ ተነሣ። አልጮኸባትም፤ በአክብሮት ነው ያናገራት።

«እናቴ፣ እንዲህ ደክመው ቀኟን አስለመዷት ማለት ነው?»

«አስለመድኳት እንጂ!»

«ወይስ እምቢ አላት?»

«ምን እምቢ ይላታል!»

«ልጅዎ ግን በቀሪው እጇ ምንም ሥራ የማትችል፣ ጎደሎ ሆናለች ተብሎ ነው እዚህ የተጻፈው። እውነት ነው?»

የሚያስነሣትን ነገር አወቀባት። ከየት እንዳወቀባት እንጃ፤ እሱም የገጠር እናት ይኖረው ይሆናል። እናቴ ቀና አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ያችን ጎረቤታችንን ባየችበት ዓይን አየችው።

«ማን ነው ልጄን ጎደሎ የሚላት? አንተ ነህ? እኔ በቀኟ ያላስተማርኳት ነገር የለም! ልጄ በዚህ በአንድ እጇ ከሁለት እጅ ሴት ትበልጣለች። ምንም አልጎደላትም!»

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ተቀመጠ።

የእኛ ጠበቃ ደግሞ ተነሥቶ ሊያስተካክል ሞከረ። «እማማ፣ መጥለፍ ትችላለች ወይ ነው የምልዎት?» ሲላት፣ «ብትፈልግ ምን ያቅታታል፣ ልጄ?» አለችው። እሱም ተወው። እናቴ ከምስክር ቦታው ወርዳ በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፣ ከጅብ አፍ ያስጣለችኝ ይመስል። በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። እውነቴን ነው፣ እናቴን ጠላኋት። ወዲያው ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ አየኋትና አንጀቴን በላችው። ሰው ፊት ልጇን ዝቅ አድርጋ መናገር ኖራበት አታውቅም፤ በአንድ ቀን ከየት ታምጣው?

የፍርዱ ቀን ማንም ሳይጠራት መጣች፤ እንደ ንግሥ በዓል ነጭ ለብሳ። ዳኛው አነበቡ። ከሳሽ በተፈጥሮዋ ግራኝ እንደነበረች ተረጋግጧል፤ ሆኖም ራሷ ያቀረበቻቸው ምስክር በቀኝ እጇ መሥራት እንደምትችል ስላረጋገጡ የቦርዱ ግምት ጸንቷል አሉ። ጠበቃዬ ይግባኝ እንበል አለኝ። ይግባኝ ማለት ደግሞ ባሕር ዳር፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ ደግሞ የድንጋይ መቀመጫ ነው። «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይብቃኝ» አልኩት።

እናቴ የፍርድ ቤቱ አማርኛ አልገባትም። ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ምን አሉ?»

«ፈረዱልኝ» አልኳት። ውሸትም አይደል፤ ጥቂት ፈርደውልኛል።

«እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! ደህና ተናገርኩ አይደል?»

«ደህና ተናገርሽ።»

ግቢውን አቋርጠን ስንወጣ ከጉና በኩል ያ የታወቀው ብርድ ይነፍሳል። ዕቃዬን ሰብስቤ አብሬሽ እወርዳለሁ አልኳት። «ልትጠይቂኝ ነው?» አለችኝ ደስ ብሏት። «አይ፣ ልኖር» አልኳት። ቆመች። አንድ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች፤ ፊቴን አየችና ተወችው። ገብቷት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ነፋሱ ባዶውን እጅጌዬን ያወናጭፈዋል። እናቴ እሱን ለቀም አደረገችው፤ ከነጠላዋ ጥለት ጫፍ ክር የለቀቀውን ቀደደችና እጅጌውን አጥፋ ከጎኔ ጋር አሰረችው። እጆቿ ቋጠሮውን አልረሱትም።

«ጠበቀብሽ?» አለችኝ።

«አልጠበቀም፣ እማዬ» አልኳት።