ሳልሞክር የፈረምኩለት ጓንት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሆስፒታላችን የግዢ ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ ለጽዳት ዕቃ ከሦስት ነጋዴ ሦስት ፕሮፎርማ እንዳመጣ ላኩኝ። ፈረስ መጋላ ገበያ ሄጄ በግማሽ ሰዓት ተመለስኩ። ለራሴ ጉሮ ወሸባዬ ልል ምንም አልቀረኝም።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቶቹን አዩ።

«ሦስቱ ነጋዴዎች በአንድ እጅ ነው እንዴ የሚጽፉት?»

«ባለሱቁ የሁለት ወንድሞቹም ማኅተም መሳቢያው ውስጥ ነበረው» አልኩ በኩራት።

መልሰው ላኩኝ። ያን ቀን በግንብ የታጠረውን ከተማ፣ ጁገልን፣ ሱቅ ለሱቅ በእግሬ አዳረስኩት።

ከዓመታት በኋላ ዕቃ ተረካቢ ሆንኩ። የገባውን ከናሙናው ጋር አስተያይቼ ካልፈረምኩ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ አይቆረጥም። ነጋዴዎቹ «ጉምሩክ» ይሉኝ ነበር፤ ስሙን ወድጄዋለሁ።

ከአቅራቢዎቻችን አንዱ ሐጂ ዩያ ጫት ከሚበቅልበት ከሶፊ ገጠር ናቸው። አንድ ቀን ጊደር መጋላ ገበያ አገኙኝና አንድ እስር ጫት ሰጡኝ። «ከማሳዬ ነው ልጄ፣ ሐላል ነው» አሉ። እምቢ ማለት ሽማግሌ መናቅ ነው። ከዚያ በየሐሙሱ ቤቴ ይመጣልኝ ጀመር። ጉቦ እንዳልለው ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰጣሉ። አብረውኝ የሚቅሙት የበርጫ ጓደኞቼማ እድሜያቸው እንዲረዝም ከልብ ይመርቁ ነበር።

አንድ ዓርብ ሐጂ ራሳቸው የማዋለጃ ጓንት ይዘው መጡ። ደንቡ ከየካርቶኑ አውጥቶ እጅ ማስገባት፣ ውኃ መሙላት ነው። የትናንቱ ጫታቸው ጣዕም ገና ከአፌ አልወጣም፤ እፊታቸው እንዴት ጓንቱን ውኃ ልሙላ? ይሉኝታ ያዘኝ። «አቦ፣ የሐጂ ዕቃ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አዋላጇ ሲስተር ሙሉ እያዋለደች ጓንቷ ተቀደደ። ጣቷ ላይ ቁስል ነበራት፣ ወላዷ ደግሞ ቫይረሱ በደሟ ነበር። ሲስተር የመከላከያ መድኃኒት ጀመረች።

«የአራት ወር ልጅ አለኝ» አለችኝ። «ውጤቴ እስኪታወቅ አላጠባውም።»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የሰው በልቶ አያድሩም ተኝቶ የሚሉት እኔን ነው።

የተቀደደውን ዓይነት ጓንት ይዤ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ልቆጣቸው ነበር አካሄዴ። ጓንቱን ሳብ ሲያደርጉት እጃቸው ላይ ተተረተረ።

«ወላሂ፣ እኔም ከድሬዳዋ ጅምላ ነው ያመጣሁት» አሉ። «እኔ ስለ ጓንት ምን አውቃለሁ? አንተ ትሞክረዋለህ ብዬ ነው። ያኔውኑ ብትመልስልኝ እኔም ለባለቤቱ እመልሰው ነበር። ምነው ዝም አልክ?»

ጫትዎን ስለቃምኩ ማለት አቃተኝ። የቀረውን ካርቶን በዚያው ቀን ወስደው በደህና ለወጡት።

የሲስተር ሙሉ ውጤት ንጹሕ ሆነ። ልጇ ግን ጡት ረስቶ ነበር፤ ብታባብለውም እምቢ አላት።

ያ ጫት ጉቦ ይሁን አይሁን ዛሬም ቁርጡን አላውቅም። ዕቃ የሚመረምር ሰው ዕቃ ከሚያቀርብ ሰው ምንም መቀበል የለበትም፤ ከተቀበለ ለመመርመር ያፍራል።