ቱቦው ላይ የተቀባው እምነት

በሕይወቴ ያልተከራከርኩበት ነገር ጥቂት ነው። ዝም ብዬ ያለፍኩት አንድ ነገር ግን ሊገድለኝ ነበር።

ለደም ካንሰር የታዘዘልኝ መድኃኒት የሚገባው ከአንገቴ ሥር በተተከለ ቀጭን ቱቦ ነበር። ከአንዱ ዙር ሕክምና እስከሚቀጥለው ድረስ ቱቦውን እንደያዝኩ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አክስቴ ቤት አርፋለሁ። መድኃኒቱ የሰውነቴን የመከላከል አቅም አሟጦት ስለነበር ሐኪሞቹ ቱቦው የተሸፈነበትን ፋሻ ውኃ እንዳይነካው አስጠንቅቀውኛል። ለአክስቴም ይህንኑ ነገርኳት።

እሷም ቃሌን አከበረች። ጸበሉን ትታ ከቤተ ክርስቲያን እምነት አመጣች፤ ለሕመምተኛ የሚቀባውን የተባረከ አመድ። "ይኼ ደረቅ ነው፣ ምን ያደርገዋል?" ብላ የፋሻውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ቱቦው ላይ ቀባችኝ። ልቧን ላለመስበር ዝም አልኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሞትን ፈርቼ ስለነበር ምናልባት ይረዳኝ ይሆናል ብዬ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጥርሴ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጠኝ።

"ወባ ነው" አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

"የምን ወባ? እዚህ ደጋ ላይ ምን ልትሠራ መጣች? ተነሥ!" አክስቴ ደግፋ አውቶቡስ ላይ አወጣችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ወጣቷ ሐኪም ፋሻውን ከፍታ ግራጫ ነገር አየች። "ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ።" ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች ይዋሻሉ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

"ምን እኔ እንጃ ይላል! እምነት ነው ልጄ፤ እኔ ነኝ የቀባሁት" አለች አክስቴ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

"እማማ፣ እምነቱ ግንባሩ ላይ ቢሆን ግድ የለኝም። ይኼ ቱቦ ግን በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ነው የገባው። ከአመዱ ጋር ጀርም ይዞ ይገባል።"

"ገደልኩት በይኛ!"

"አልገደሉትም። እንኳን ነገሩኝ፤ ቱቦውን አሁኑኑ አወጣዋለሁ።"

ለምርመራ ደም ወሰደች፣ ቱቦውን አወጣች፣ ጀርም የሚገድለውን መድኃኒት በክንዴ ጀመረችልኝ። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ። የደሙ ውጤት ሲመጣም ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር፤ ቱቦው ቢቆይ ኖሮ ልናተርፍዎ አንችልም ነበር አለችኝ።

ሐኪሟን አመሰገንኩ። ዛሬም አመሰግናታለሁ። ወደ አክስቴ ዞሬ እሷንም ላመሰግን ስጀምር አቋረጠችኝ።

"እኔን ተወኝ። ይልቅ ለልጅቱ ንገራት።"

"ምኑን?"

"ስቀባህ እያየህ ዝም ማለትህን።"

ነገርኳት።