የኑርሀያት ሳቅ

ኑርሀያት ልብስ ሰፊ ናት። ሐይቅ ከተማ፣ ከገበያው አፋፍ ባለ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የረዘመ ቀሚስ ታሳጥራለች። ደንበኞቿ ከግራዋ ቆመው አያናግሯትም። ልጅ ሳለች ጆሮ ደግፍ ታማ የግራ ጆሮዋ መስማት አቁሟል፤ የቀኙም ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ሰው ሲያናግራት መርገጫውን ታቆምና ዓይኗን ከተናጋሪው ከንፈር ላይ ታሳርፋለች። ግማሹን ከጆሮዋ፣ ግማሹን ከከንፈር ትለቅማለች።

ባሏ ዘይኑልአቢዲን ከሐይቁ ዳር ገበሬዎች ሽንኩርት እየገዛ በአይሱዙ ደሴ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። ሰላቱን የሚጠብቅ፣ ለጎረቤት ሐዘን ቀድሞ የሚደርስ፣ በጨዋታው የሚወደድ ሰው ነው። በኑርሀያት ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ጎረቤቶቿ ስለ ባሎቻቸው ሲያወሩ እሷ “አልሐምዱሊላህ” ብላ ዝም ትል ነበር። ልትናገረው የምትችለው ነገር ቢኖርም ነገር ነው ብሎ የሚቀበላት አልመሰላትም።

ነገሩ ይህ ነው። ምግብ ቀርቦ ሁሉም ሲቀመጥ ዘይኑልአቢዲን ጮክ ብሎ “ኑርሀያት!” ይላል። ቀና ስትል ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ድምፅ አያወጣም።

“ምን አልክ?” ትላለች፣ ቀኝ ጎኗን እያዞረች።

እሱ አሁንም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቅንድቡን ይሰበስባል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ የተቆጣ ይመስላል። እሷ የቀረው ጆሮዋም ተዘጋ ብላ ክው ትላለች። ያን ጊዜ ልጆቹ ሰሚሃና ኡበይድ በሳቅ ይፈርሳሉ። እንግዳ ካለ እንግዳውም ይስቃል። በመጨረሻ ኑርሀያትም ትስቃለች። “አቤት አንተ!” ትልና ወጡን ታወጣለች።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ግድም የጀመረ ቀልድ ነው። ሰሚሃ ተወልዳ፣ ድክ ድክ ብላ፣ ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ሲስቁበት ኖሩ።

ኅዳር ላይ የሰሚሃ የክፍል ኃላፊ መምህር ዝናው ኑርሀያትን ትምህርት ቤት አስጠራት። ሰሚሃ ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች ኑርሀያት ክፉ ነገር አላሰበችም፤ ሻርፗን አስተካክላ፣ በደንበኛ ቀሚስ ላይ የሰካቻቸውን መርፌዎች እንኳ ሳትነቅል ሄደች። ቢሮው ውስጥ ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

“ወይዘሮ ስህን ትባላለች፤ የማርያማዊት አክስት ናት” አለ መምህሩ። ኑርሀያት በእጇ ምልክት ስታሳየው ወንበሩን ወደ ቀኟ አመጣ።

ማርያማዊት የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናት። የመንደሯ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ አክስቷ ዘንድ መጥታ ትማራለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ እየመገለ የመስማት ችግር አለባት፤ ስለዚህ መምህሩ ፊት አስቀምጧታል።

“ሰሚሃ ስሟን ትጠራትና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች” አለ መምህር ዝናው። “ድምፅ አታወጣም። ማርያማዊት ‘አቤት? ምን አልሽኝ?’ ስትል ክፍሉ ይስቃል። ሌሎቹም ከሰሚሃ ተማሩት። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ የምር ጥያቄ ሲጠይቃት እንደገና የሚያላግጡባት መስሏት ዝም አለች። እሱ ደግሞ የናቀችው መስሎት ከክፍል አስወጣት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።”

“አገሯ ገብታለች” አለች ስህን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። “እኔ ጋ እያለች ‘አክስቴ፣ እያወራሽኝ ነው? ድምፅሽ ጠፋብኝ’ ትለኝ ነበር። ምንም ሳልናገር! ዝም ብዬ እህል ሳላምጥ! ጆሮዋን ማመን አቃታት።”

ስህን የምትናገረው ነገር በኑርሀያትም ላይ ይደርስ ነበር፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ባሏ ዝም ብሎ ሲያላምጥ እንኳ እያናገረኝ ይሆን ብላ ከንፈሩን የምታይበት ጊዜ አለ።

መምህሩ ሰሚሃን አስጠራት። ልጅቷ ገባችና እንደ ልማዷ በእናቷ ቀኝ በኩል ቆመች።

“ለምንድን ነው እንዲህ ያደረግሻት?” አላት መምህሩ።

“ጨዋታ ነው” አለች ሰሚሃ። ድምፅዋ ውስጥ እልህ አልነበረም፤ የገረማት ትመስል ነበር። “ቤት አባ እማን እንዲህ ያደርጋታል። እማ ትስቃለች። እሷ ግን መሳቅ እንቢ አለች።”

መምህር ዝናው ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ስህን ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ኑርሀያት ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱም አላመለጣትም።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሰሚሃ ትመታኛለች ብላ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ትሄድ ነበር። ኑርሀያት ወደ ቤት አልወሰደቻትም። ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ይዛት ወርዳ የሽንኩርቱ ማሳ ጫፍ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀመጠች። ልጅቷንም አጠገቧ አስቀመጠቻት። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተው ያራግፋሉ።

“እኔ ስስቅ ምን ይመስልሽ ነበር?” አለቻት።

“ደስ ያለሽ።”

“ወላሂ፣ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።”

ሰሚሃ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። “ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ?”

ኑርሀያት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፈልጋ አታውቅም ነበር። “ሁላችሁም ስትስቁ ብቻዬን እንዳልቀር ነዋ” አለች መጨረሻ ላይ።

ልጅቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ኑርሀያት አላባበለቻትም። ማልቀሱ ይገባታል ብላ ተወቻት።

ያን ዕለት ለዘይኑልአቢዲን “ሰሚሃ የበደለቻት ልጅ አለች፤ አምባሰል ሄደን አውፍ በይን ብለን ይቅርታ ልንጠይቃት ነው” ብላ ነገረችው።

“የልጆች ነገር ይሄን ያህል መንገድ ያስኬዳል እንዴ?” አለና ስልኩን አነሳ። በደሉ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ፣ ስህን እየመራቻቸው፣ እስከ ውጫሌ በሚኒባስ ሄዱ፤ ከዚያ በእግር ተያያዙት። የአምባሰል ገደል ከፊታቸው ተደቅኖ አብሯቸው የሚሄድ ይመስል ነበር። ዋለ የሚባለውን የማርያማዊትን አባት ጤፍ ሲያጭድ አገኙት። ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ስህን ማን እንደሆኑ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን እንግዳ በመሆናቸው “ግቡ” አለ። ንፍሮ አቀረበላቸው። ራሱ አልቀመሰም።

“ጋሽ ዋለ፣ ልጄ ልጅዎን በድላለች” አለች ኑርሀያት። “ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።”

“ልጄ ተማሪ ነበረች” አለ ዋለ። “አሁን እህል ታበራያለች። ለእኔስ እጅ ሆነችኝ። ግን ለዚህ አልነበረም የላክኋት።”

ማርያማዊት ከጓሮ ተጠርታ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯ ላይ እብቅ የተበተነባት ልጅ ናት። ሰሚሃ ተነስታ የተለማመደችውን ተናገረች፤ “በድዬሻለሁ፣ ሁለተኛ አላደርግም፣ ይቅር በይኝ” አለቻት። ማርያማዊት ዓይኗን ከሰሚሃ ከንፈር ሳትነቅል አየቻት።

ኑርሀያት ሻርፗን ገለጥ አድርጋ የግራ ጆሮዋን አሳየቻት። “ይሄ አይሰማም። እንዳንቺው ነኝ” አለቻት።

“ይስቁብዎታል?” አለች ማርያማዊት።

“ይስቁብኛል።”

“እነማን?”

ኑርሀያት ሰሚሃን፣ ከዚያ ስህንን አየች። “የቤቴ ሰዎች” አለች።

“ምን ይሏቸዋል ታዲያ?”

“እስካሁን ምንም አላልኳቸውም።”

ማርያማዊት ያልገባት መሰለች። ትልቅ ሰው፣ ልጆች የወለደ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ምንም አለማለቱ አልተዋጠላትም። ወደ አባቷ ዞር ብላ አየችና ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ዋለ ሲሸኛቸው “ትመለስ አትመለስ እሷ ናት የምታውቅ” ብቻ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት የዘይኑልአቢዲን የንግድ ባልደረባ ባድሩ ለራት መጣ። ገና አንድ ሁለት እንደጎረሱ ዘይኑልአቢዲን “ኑርሀያት!” አለ። ቀና ስትል ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

“ምን አልክ?” አላለችም። ዝም ብላ አየችው። ኡበይድ ሳቅ ጀምሮ እህቱ ፊቷን ስታዞርበት አቆመ። ባድሩ ግማሽ ፈገግታ ላይ ቀረ።

“ድምፅህን አውጥተህ ተናገር” አለች ኑርሀያት።

“ምነው ዛሬ? ቀልድ አይደለም እንዴ?”

“ላንተ ቀልድ ነው። ሰሚሃ ይሄንኑ ቀልድህን ትምህርት ቤት ወስዳ አንዲት ጆሮዋን የታመመች ልጅ ከትምህርቷ አባረረችበት። አስተማሪው ፊት ‘ከአባ ነው የተማርኩት’ አለች። ‘እማም ትስቃለች’ አለች። አላህ ይይልኝ፣ ከእንግዲህ አልስቅም።”

ባድሩ እጁን ታጥቦ፣ “አላህ ይስጥልኝ” ብሎ፣ ሥራ እንዳለበት ተናግሮ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ዘይኑልአቢዲን ፊቱ ቀልቶ ነበር።

“እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ!”

“እኔንስ ስንት እንግዳ ፊት?”

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አኮረፈ። ኩርፊያው ሳምንታት ቆየ። የሚፈልገውን ሁሉ በልጆቹ በኩል ይናገር ጀመር፤ “ለእናትሽ ንገሪያት” ይላል ሰሚሃን። አንድ ቀን ልጅቷ እምቢ አለችው።

“አባ፣ እማ ይቻትና። በቀኟ በኩል ሆነህ ራስህ ንገራት።”

ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ልጅቷ ግን ቆማ ጠበቀችው፤ ቁጣውን ዋጠና ወደ አይሱዙው ሄደ። ኑርሀያት ይህን ያየችው ከጓዳ ሆና ነበር። በልቧ ፍርሃትና ኩራት ተቀላቀሉባት፤ የቤቷ ሰላም የፈረሰው በእሷ አፍ መሆኑን እያሰበች አንዳንዴ ትጸጸት ነበር። አንዴማ፣ ዝም ብዬ ስቄ ባልፈው ኖሮስ ብላ ስታስብ ደንገጥ ብላ ሐሳቧን ተወችው።

ጥር መጀመሪያ ላይ ዘይኑልአቢዲን ማንም ሳይጠራው ትምህርት ቤት ሄደ። ከመምህር ዝናው ጋር ምን እንደተነጋገሩ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ከዚያ ሲወጣ በቀጥታ ወደ በረንዳዋ መጣ። እሷ የተማሪ ሱሪ እየጠቀመች ነበር። የደንበኛ በርጩማ ስቦ በቀኟ ተቀመጠ። መርገጫውን እስክታቆም ጠበቀ።

“ሁልጊዜ ያምሽ ነበር?” አላት።

“ሁልጊዜ።”

“የመጀመሪያው ቀንም?”

“የመጀመሪያው ቀንም።”

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። በመንገዱ ባጃጆች እየጮሁ ያልፋሉ፤ ጩኸቱ እስኪያልፍ ድረስ ጠብቆ እንደገና ቀና አለ።

“ስትስቂ እኮ እኔ…”

“አውቃለሁ” አለችው። “እሱ የኔ ጥፋት ነው። ቀልዱ ግን ያንተ ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። አውፍ በይኝ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ኑርሀያትም አልጠየቀችውም። ሲነሳ የወደቀ መቀሷን አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ማታ ራት ላይ ስሟን ሲጠራ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ፤ “ጨው አቀብይኝ” ነበር ያላት፤ በድምፅ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ቁጡነቱ አልጠፋም። በሽንኩርት ዋጋ ይበሳጫል፣ በኡበይድ ላይ ይጮሃል። ያን ቀልድ ግን ተወው።

ማርያማዊት ለሁለተኛው መንፈቅ ተመለሰች። የሒሳብ መምህሩ ክፍሉ ፊት “አጥፍቻለሁ” ብሏታል፤ እንዲህ እንዲል ያደረገው መምህር ዝናው ነው። ስህን ዩኒፎርሙ አጥሯታል ብላ ወደ ኑርሀያት ይዛት መጣች። ኑርሀያት የቀሚሱን ጠርዝ ፈትታ በመርፌ ስትሰካ ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ሰሚሃን ገና ይቅር አላልኳትም” አለች ድንገት።

ስህን ልትቆጣት ስትል ኑርሀያት ከለከለቻት። “አትቸኩይ የኔ ልጅ” አለቻት። “ዞር በይልኝ፣ የኋላውን ልየው።”

ሁለቱ ልጆች ጓደኛ አልሆኑም። ሰሚሃ ከድሮ ጓደኞቿም ጋር ተለያይታለች፤ ክፍሉን የምታስቅበትን ቀልድ ስለተወች “ኮራች” ይሏታል። ጠዋት ጠዋት በማርያማዊት ወንበር በኩል ስታልፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “እንዴት አደርሽ” ትላታለች። ማርያማዊት አንዳንድ ቀን ትመልስላታለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እየሰማቻት ዝም ትላለች።