ያለ አበበች ፒያሳ የወጣው ጫማ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መኝታ ቤት

የገና ዕለት ነው፤ ዛሬ ከግቢ እንወጣለን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ግን ማንም አልተኛም።

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ለማይወጡት ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ሕግ አጭር ነው፤ በበዓል ቀን ዘመድ መጥቶ ያልጠራት ልጅ በሩን አታልፍም። ከመኝታ ቤታችን ልጆች አዲስ አበባ ላይ ዘመድ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ «ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ፤ የበላሽውንም እንዳትደብቂን» ብለው ደብተርና እርሳስ አስያዙኝ። ደብተሩ እስካሁን አለኝ፤ ከእሱ ላይ ነው የምገለብጥላችሁ።

ዛሬ ግን የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ውድነሽ አብራኝ መውጣት አለባት። ወንድሟ ታደሰ ኮሪያ ዘምቷል። በመጨረሻው ደብዳቤው «ድንኳናችን ውስጥ ሁሉም የእናቱን የእህቱን ፎቶ ሰቅሏል፤ እኔ ባዶ ሸራ ሳይ አድራለሁ፤ እባክሽ ፎቶሽን ላኪልኝ» ብሏታል። ውድነሽ ከተወለደች ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ከዛሬ ቀጥሎ በሩ የሚከፈትልን ለፋሲካ ነው። ጦር ሜዳ ያለን ሰው እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ ማለት ደግሞ ያስፈራል።

በእኛ መኝታ ቤት የምትወጣ ልጅ የራሷን ብቻ ለብሳ አትወጣም፤ የሁሉንም ለብሳ ነው። የአንዷ ዶቃ፣ የሌላዋ የእጅ ሰዓት፣ የአንዷ ሐር ሻርፕ ውድነሽ ላይ ተሰበሰበ። ጫማው የአበበች ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ዘለበት፣ አባቷ የላኩላት። አበበች ከጎሬ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን ጠሪ መጥቶላት አያውቅም። ጫማዋ ግን በየበዓሉ በእኔ እግር ይወጣል። «እኔ ባላይ እሱ ፒያሳን አይቶ ይምጣ» ትላለች እየሳቀች። የዛሬው ደግሞ በፎቶ ኮሪያ ሊሄድ ነው።

ፀጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ ይሸፍን ብዬ ከፊት አወረድኩት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ ጣጣው የመጣው ግን ከዚያ ነው።

ሦስት ሰዓት፣ በር ላይ

እትዬ ወርቄ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። በደብዳቤ የለመንኳቸውን አልረሱም።

«ሁለቱም የእህቴ ልጆች ናቸው» አሉ።

ዳይሬክተሯ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ለምርመራ አያንስም። «ታዲያ ለምን አይመሳሰሉም?»

«ይህቺ አባቷን ነው የወጣችው።»

«ያቺስ?»

«እሷም አባቷን።»

ዳይሬክተሯ የመውጫ ወረቀታችን ላይ ፈረሙ። መንገድ ላይ እትዬ ወርቄ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ «ጾም በፈታሁበት አፌ አስዋሻችሁኝ!»

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ጋሪ ላይ

አራት ኪሎ ላይ ጋሪ ያዝን፤ እስከ አራዳ ስሙኒ። ፈረሱ አንገቱ ላይ ቀይ የክር ዘርፍ አለው። ከሥላሴ የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን አንጥቶታል። ሜዳ ያገኘ ወንድ ሁሉ ቆልማማ ዱላ ይዞ የገና እሩር ያሳድዳል። ቁልቁለቱን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስንወርድ ሰዓቱ የውድነሽ እጅ ላይ ይዞራል፤ የሰዓቱ ባለቤት ወፍራም ልጅ ናት።

እትዬ ወርቄ መጀመሪያ ቤት ገብተን እንብላ አሉ። ባለ ጋሪው ግን ወሬያችንን ሲሰማ ቆይቶ ዞር አለ።

«ኮሪያ ከጅማ ይርቃል?»

«ባሕር ተሻግሮ ነው። በመርከብ ሳምንታት ይፈጃል» አለችው ውድነሽ።

«ታዲያ መጀመሪያ ፎቶ ቤት ነዋ። ዶሮው አያመልጥ።»

«ባያመልጥ ይቀዘቅዛል!» አሉ እትዬ ወርቄ። ሰውዬው አልሰማቸውም፤ ፈረሱን ወደ ፒያሳ ዳገት አዙሮታል።

ስድስት ሰዓት፣ ፎቶ ቤት

በዓል ለፎቶ አንሺ ገበያው ነው። ሰልፉ እስከ ጎዳናው ደርሷል፤ አዲስ ሙሽሮች፣ ሜዳሊያ የደረደሩ አርበኛ፣ ከረሜላ አፉን ያጣበቀው ሕፃን። ሁለት ሰዓት ቆመን ስንገባ ባለቤቱ፣ እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» የምንላቸው አርመናዊ፣ ላብ በላብ ሆነዋል። ከኋላቸው ሐይቅና ደረጃ የተሳለበት መጋረጃ አለ።

ውድነሽ መስታወቱ ፊት ቆማ ራሷን አየች። አምሮባት የተገረመች መሰለኝ።

«ይህቺን ልጅ ታደሰ አያውቃትም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ለውትድርና ሲሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አይቶኝ አያውቅም። የሚያውቀው ጠባሳዬን ነው፤ ያበጀልኝ እሱ አይደል?»

እንደ ዛሬው በገና ቀን እሩሩን ሲመታ ዱላው ግንባሯን አገኘው። እሷ ደማች፣ እሱ አለቀሰ። አባታቸው አለንጋ ሲያነሱ እሷ ናት ደሟን እየጠረገች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ያስጣለችው። ይህን እየነገረችኝ የጫማውን ዘለበት መፍታት ጀመረች።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። «የልጆቹስ ነገር? እኛ ባንሄድ ዕቃችን ይሂድልን ብለው ነው ያዋሱሽ! ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«እኔን ካላየ ፎቶው ምን ሊያደርግለት ነው?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሙሴ «ቶሎ! ሰው ቆሟል!» ይላሉ። መሐረቤን ውሃ ነክሬ የለፋሁበትን ፀጉር ወደ ኋላ መለስኩት። ጠባሳው ወጣ፤ ከቅንድቧ በላይ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል። ያወለቀችውን ዶቃ፣ ሰዓትና ሻርፕ ክንዴ ላይ ይዤ የማስቀምጥበት ሳጣ፣ አጠገቧ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ጫማውን ከሥር አቆምኩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ሙሴ። «ፎቶ ቤት ነው ሱቅ ነው?»

«ሙሴ፣ ዝም ብለው ያንሱ» አሉ እትዬ ወርቄ። «እነሱም ዘመዶቿ ናቸው።»

ሙሴ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው አነሷት፤ በባዶ እግሯ፣ ከነጠባሳዋ።

ስምንት ሰዓት፣ ደጃች ውቤ ሠፈር

የእትዬ ወርቄ ቤት ከውቤ በረሃ መጠጥ ቤቶች ጀርባ ነው። በቀን ብርሃን አኮርዲዮን ይሰማል። «ወደ ግራ እንዳትዩ» ብለውን ነበር፤ ስለዚህ ግራ ግራውን አየን። ከንፈሯን የተቀባች ሴት መስኮት ላይ ብርቱካን ትልጣለች፤ እጇን አውለበለበችልን፣ እኛም መለስንላት። ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር። ከአርባ ሦስት ቀን ጾም በኋላ ግን ማን ይጠይቃል? ስንመለስ ኬክ ቤት ጎራ ብለን ለመኝታ ቤቱ ብስኩት ገዛን። ፎቶውን በሳምንቱ እትዬ ወርቄ ወስደው ለታደሰ በፖስታ ሊልኩልን ቃል ገቡ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መኝታ ቤት

በሩ ሳይዘጋ ደረስን። ልጆቹ ብስኩቱን ቀምተው ከበቡን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፀጉሩንም፣ ጠረጴዛውንም። የዶቃዋ ባለቤት ትንሽ አኮረፈች። አበበች ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ጫማዬስ ተነሳ?»

«ተነሳ። ብቻውን።»

ሳቋን ለቀቀችው፤ እኛም ተከተልናት። ሳቁ ሲበርድ ጫማውን በቀሚሷ ጠርዝ ወልውላ አልጋዋ ሥር አስገባችው።

ፋሲካ፣ እንደገና በር ላይ

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ውድነሽ ፖስታውን መቅደድ አቅቷት ለእኔ ሰጠችኝ። የታደሰ እጅ ጽሑፍ ነበር፤ ደህና ነው። «ጠባሳሽን ሳይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ» ይላል። «አሁን ሸራው ባዶ አይደለም። ጓደኛዬ ግን ጫማውን ሲያይ ይውላል። እግር የሌለበት ጫማ የማን ነው እያለ አላስቀመጠኝም። የጫማውን ባለቤት ሰላም በይልን።»

አበበች ይህን ሦስት ጊዜ አስነበበችን።

የፋሲካ ጠዋት ጫማ ልዋስ አልጋዋ ሥር ብፈልግ የለም። በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ እግሯ ላይ ነው። «ዛሬ ራሴ ነኝ ይዤው የምወጣው» አለች። እትዬ ወርቄ መጥተው እኔን፣ ውድነሽን፣ አበበችን ተራ በተራ አዩና ረዥም ትንፋሽ ሳቡ። ዳይሬክተሯ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣

«እሷም አባቷን ነው የወጣችው» አሉ።