የዶስታ ማንኪያ

የስኮፕዬ ከተማ በአንድ ማለዳ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ ዶስታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሰው ሳይነሳ የእናቷን የበለስ ማርማላታ ልትሰርቅ፣ ማንኪያ ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ ነበር። ጣሪያው ወረደ። ጠረጴዛው ቻለው። እናቷ ውጪ ሆና ስሟን ትጠራለች፤ ዶስታ ልመልስ ብትል አቧራው ጉሮሮዋን ዘጋው። አጠገቧ የውሃ ቱቦ ስለነበረ በማንኪያው መታችው። ቀኑን ሙሉ መታችው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አንድ የማታውቀው ሰው ከላይ ሆኖ ቱቦውን ሦስት ጊዜ መልሶ መታ። ጎትተው ሲያወጧት ማንኪያውን ከእጇ ማስለቀቅ አቃታቸው።

ከዚያ ወዲህ ዶስታ ከቧንቧ ጋር ተዛመደች። ያስተማራት የለም፤ እየፈታች፣ መልሳ እየገጠመች ለመደችው። ሰባ ዓመት ሞልቷት እንኳ በአራተኛ ፎቅ ቤቷ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሚያቃስት በር አልነበረም። ውሃ እንዳያሾልክ ለቧንቧ ጥርስ የምትጠቀልለውን ቃጫ የምታስቀምጠው ከቅመማ ቅመሙ ጋር ነበር። አንድ ጊዜ ሾርባ ውስጥ ገብቶ፣ ባሏ ነፍሱን ይማርና፣ «ሥጋው ትንሽ ጠንክሯል» ብሎ ጨርሶት ተነስቷል።

ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛው ስፓሴ የሕንፃውን የውሃ መዝጊያ ይጠብቃል፤ መዝጊያው ከበሩ አጠገብ ነው። ዶስታ ቱቦውን አንድ ጊዜ ከመታች ውሃውን ዝጋ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ክፈት፤ ሦስት ጊዜ፣ ምሳ ደርሷል። ስፓሴ ሦስተኛው አምልጦት አያውቅም።

ልጇ ጎርዳን ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ አዲስ ቤት ሠርቷል። እናቱን መሰላል ላይ ቆማ አምፖል ስትቀይር ካያት ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። አንድ እሁድ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ ዛሬ ክርክር የለም። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። እዚህ ብትወድቂ ማን ይሰማሻል?»

«እሺ ልጄ።»

ጎርዳን ለክርክር ተዘጋጅቶ ስለመጣ ግራ ተጋባ።

«ብቻ ቤቱን እንዲህ ጥዬው አልሄድም» አለች። «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ጎማውን ቀይርልኝና እንሂድ።»

ቧንቧውን በጠዋት ያላላችው ራሷ ነበረች።

«ይቺማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት!»

«ላሳይህ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ስልኬ ላይ ስንቱን አይቻለሁ።»

ዶስታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ውሃውን ዘግተሃል ወይ ብላ መጠየቅ ነበረባት። ልጇ ግን ተይኝ ብሏታል፤ ተወችው።

መፍቻውን አንድ ሁለት ዙር ሲያዞረው የቧንቧው ራስ ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ። ውሃው ደግሞ ጎርዳንን ደረቱ ላይ አገኘው።

«እማዬ! የት ነው የሚዘጋው?»

«እስቲ ስልክህን ጠይቀው።»

«በሞቴ!»

ዶስታ ተነሳች። መሳቢያዋን ከፈተች፣ ሹካዎቹን አገላበጠች፣ ያችን አሮጌ ማንኪያ መርጣ አወጣችና ቱቦውን አንድ ጊዜ መታች። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ቆመ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ራሱን ሳሙና የቀባ ሰው መራገም ጀመረ።

ጎርዳን ኩሬው መሃል ቆሞ፣ «ማን ነው የዘጋው?» አለ።

«የሚሰማኝ ሰው።»

ጎማውን ቀየረች፣ ቃጫውን ጠቅልላ የቧንቧውን ራስ መልሳ አጠበቀች፣ ሁለት ጊዜ መታች። ውሃው መጣ፤ አንድም ጠብታ አልወረደም። ከዚያ ሦስት ጊዜ መታች።

ስፓሴ የራሱን ሹካ ይዞ ከች አለ። «እቴ ዶስታ፣ የተሞላው ቃሪያ ነው አይደል?» ዞር ብሎ ጎርዳንን አየው። «ምነው ጎረምሳው፣ አንተ ቤት ከነልብስ ነው እንዴ የሚታጠበው?»

ጎርዳን የሟች አባቱን ፒጃማ ለብሶ ቃሪያውን በላ። ሲሄድም ሻንጣው ባዶውን አልተመለሰም፤ እርጥብ ልብሱን ይዟል። በሩ ላይ ቆም አለ።

«ግን እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ ቤት ምን ይጎድልሻል?»

«ቤትህማ ያማረ ነው። ግን ብቻውን ነው የቆመው፤ ቱቦውን ብመታ ማን ይመልስልኛል? ልጄ፣ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ሲፈርስ በሕይወት ያወጣኝ፣ ስመታ መልሶ የመታልኝ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው እንደሱ የሚሰማኝን ሰው ብቻ ነው። ሌላውን በቃጫ እጠግነዋለሁ።»